የመሃሉ ቄጤማ

ትናንት፣ ለዘመን መለወጫ ዋዜማ፣ ፍኖተ ሰላም ገበያ ወርጄ ቄጤማ ስገዛ አንድ ነገር ደረሰብኝ። ነገርም አይባል፣ ሽታ ነው። ሕፃን ያዘለች አንዲት ሴት ቄጤማውን እስር እስር አድርጋ መሬት ላይ ደርድራለች። አንዱን አንስቼ ወደ አፍንጫዬ አስጠጋሁት። ጧት የታጨደ፣ ከሥሩ ውሃው ያልደረቀ፣ ጭቃ ጭቃ የሚል። ጉልበቴ ከከዳኝ ወዲህ ጎንበስ ካልኩ ቀና የሚያደርገኝ ሰው እፈልጋለሁ፤ ትናንት ግን ቀና ማለቱንም ረሳሁት። «እማማ፣ ደህና አይደሉም እንዴ?» አለችኝ ሴትዮዋ። ደህና ነበርኩ፤ ልቤ ብቻ ነው ስንትና ስንት ዓመት ወደ ኋላ የሄደው። «ከየት ነው ያጨድሽው?» አልኳት። ከቡሬ ወዲህ ካለው ከትልቁ ጨፌ መሆኑን ነገረችኝ። ደነገጥኩ። «ከዳሩ ነው ከመሃሉ?» ብዬ ጠየቅኋት። ቀና ብላ አየችኝና መለሰችልኝ። መልሷን ኋላ እነግራችኋለሁ፤ አሁን ብነግራችሁ ምኑም አይገባችሁ።

ያን ጊዜ ከቡሬ ወጣ ብሎ ባለ የገጠር ትምህርት ቤት ሳይንስ አስተምር ነበር። መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመት ሆኖታል፤ ስንት እንደሆነ አትጠይቁኝ፣ ዓመት መቁጠር ድሮም አይሆንልኝ። የማስታውሰው ሌላ ሌላውን ነው። ሻይ በሰላሳ ሳንቲም ይጠጣ ነበር፣ ያውም እስከ አፉ የተሞላ። አንድ እስር ቄጤማ ስሙኒ ነበር፤ ትናንት የተጠየቅሁትን ብነግራችሁ ዋሸች ትሉኛላችሁ። እናቴ ፍኖተ ሰላም ስለነበረች ቅዳሜ ቅዳሜ እሷ ዘንድ እመጣለሁ፣ እሑድ ማታ በአይሱዙ እመለሳለሁ። መንገዱ ኮረኮንች ነው። የቡሬ በርበሬ የጫነ አይሱዙ ላይ የወጣ ሰው እያነጠሰ ተነስቶ እያነጠሰ ይደርሳል፤ ሾፌሩም በካሴቱ የክራር ዘፈን ከፍቶ እኛ ስናነጥስ እሱ ያዜማል። ክሩ የላላ ካሴት ነበርና ዘፋኙ አንዳንዴ እንቅልፍ እንደያዘው ሰው ድምፁ ይጎተታል። ያኔ ሾፌሩ መኪናውን ዳር አቁሞ ካሴቱን በእስክሪብቶ ያጠነጥናል፤ እኛም ወርደን ልብሳችንን እናራግፋለን። እኔ በእጄ የሠራሁት ቢጫ ሹራብ፣ እስከ ባቴ የሚወርድ ሽንሽን ጉርድና ነጭ ሸራ ጫማ ነበረኝ። ነጭ ያልኩት የገዛሁ ለት ስለነበረ ነው።

አንድ ቀን አራተኛ ክፍል ገብቼ ስለ ረግረግ መሬት አስተምራለሁ። ከመጽሐፉ ቃል በቃል ነው የማነበው፤ ረግረጉ ከትምህርት ቤቱ የግማሽ ሰዓት መንገድ እያለ አንድም ቀን እግሬን አላነሳሁ። መስኮቱ መዝጊያ የለውም። በዚያ በኩል አንድ ሽማግሌ ዱላቸውን ተደግፈው ሲሰሙኝ ቆይተው ኖሯል። ከክፍል ስወጣ ጠበቁኝ። «ልጄ፣ አሁን ያነበብሻት አክሊል የደፋች ወፍ እኛ ዘንድ አለች» አሉ። «ወረቀቱን ከምትጠይቂ እሷን ብትጠይቂያት አይሻልም?» አያ ፈንቴ ናቸው። አገሩ መርጦ ጨፌውን እንዲጠብቁ ያደረጋቸው፣ ቀኑ ሳይደርስ ከብት እንዳይገባ፣ ሳሩ ሳይጎመራ እንዳይታጨድ የሚከላከሉ ሰው ነበሩ። ቀጭን፣ ቁጥብ፣ ነገራቸውን ሁሉ በጎን የሚያስኬዱ ጎጃሜ። አፈርኩም ተናደድኩም። ግን በማግስቱ ሄድኩ።

ጨፌ ውስጥ መሄድ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። «እግርሽን አታንሺ፣ ጎትቺው» ይሉኛል። «ያነሳሽው እግር ሲወርድ ይጮሃል፤ የጎተትሽው ግን ውሃ መስሎ ያልፋል። ቀና ብለሽም ዓይን ዓይናቸውን አትዪ፤ የሰው ዓይን ይከብዳቸዋል።» ነጩ ሸራ ጫማዬ በመጀመሪያው አሥር እርምጃ ቡናማ ሆነ። ግን ያየሁትን አየሁ። ጋጋኖዎቹ አጠገባችን እየተንጫጩ ጭቃውን በመንቆራቸው ይወጋሉ፣ ዝዮቹ ጫጩቶቻቸውን አስከትለው ይሻገራሉ፣ ክንድ የሚያህል አርጃኖ ድንጋይ ላይ ተዘርግቶ ፀሐይ ይሞቃል፤ እንዳየን ምላሱን አውጥቶ ጥልቅ አለ። አንዲት የዶቅማ ዛፍ ጋ ስንደርስ አያ ፈንቴ ትከሻዬን ነካ አደረጉኝ። ሁለቱ ነበሩ፣ ባልና ሚስት። ቁመታቸው እስከ ደረቴ ይደርሳል፤ ሰውነታቸው ጥቁር፣ ክንፋቸው ከሥሩ ነጭ፣ ራሳቸው ላይ ወርቅማ አክሊል። ከእኛ እስከ እነሱ ሠላሳ እርምጃ አይሆንም። የስንት ክፍል ልጆችን ያላየሁትን ነገር ሳስተምር እንደኖርኩ ያኔ ነው የገባኝ፤ እውነቴን ነው፣ ልቤ አዘነ።

በዚያው ክረምት መግቢያ ስብሰባ ተጠራን። ከላይ የመጡ አንድ ኃላፊ ጨፌው በቦይ ተጠንፍፎ መሬት ለሌላቸው ወጣቶች ሊታደል መታሰቡን ነገሩን። ወጣቶቹን ክፉ አልላቸውም፤ አባታቸው የሚያወርሳቸው ጥማድ መሬት የሌላቸው፣ ጎረምሳ ሆነው በሰው ማሳ የሚውሉ ልጆች ነበሩ። አንዳንዶቹን እኔው ነኝ ፊደል ያስቆጠርኳቸው። ግን አያ ፈንቴ አንገታቸውን ደፍተው ሳያቸው ይሄ ምላሴ፣ ዕረፍት የማያውቀው፣ ተነሳ። «ጌታዬ፣ እዚያ ውስጥ አገር አቋርጦ የሚመጣ ሰው ሊያየው የሚገባ ወፍ አለ። መንገድ ቢሠራለት እንግዳ ይመጣል፣ ለወጣቶቹም ሥራ ይሆናል» አልኩ። ኃላፊው ፈገግ አሉ። «እንግዲያው እኛን አስቀድሚና አሳዪን» አሉ። «በጳጉሜን እመጣለሁ። በዓይኔ ካየኋት ቦዩ ይቀራል፤ ካላየኋት ግን ገመዱን ይዤ ስለምመጣ በዚያው ዕለት ይለካል።» ሰው ሁሉ ወደኔ ዞረ። ተቀመጥኩ።

ክረምቱን ሙሉ መንገድ ስንሠራ ከረምን። መንገድ ማለቴ፣ በጨፌው ዳር ዳር ድንጋይ እየደረደርን፣ ውሃ በሚያይልበት ግንድ እያጋደምን እስከ ዶቅማዋ የሚያደርስ ቀጭን መሄጃ ነው። ወደ ነሐሴ መጨረሻ አያ ፈንቴ አንድ ጧት የክረምት ትምህርት ወደማስተምርበት ክፍል ድረስ መጥተው ከነጠላቸው ሥር በጣታቸው ሁለት አሳዩኝ። ሁለት እንቁላል! ከጨፌው መሃል፣ ቄጤማው ሰው በሚያህልበት፣ ወፎቹ ጎጆ ሠርተው ታቅፈዋል። ባልየው ሲነሳ ሚስትየዋ፣ ሚስትየዋ ስትነሳ ባልየው፣ በተራ። እንግዳው ሲመጡ ወፏ የትም አትሄድም ማለት ነው! ከደስታዬ የተነሳ የያዝኩትን ጠመኔ ጣልኩት። ከዚያ ሁለታችን ቆመን ተማከርን። እረኛ ከሰማ እንቁላሉን ያነሳዋል፣ ሴት ከሰማች ገበያ ታወጣዋለች ብለን ለማንም ላለመናገር ተማማልን። አያ ፈንቴ ለሚስታቸው ለእትዬ የሻረግ እንኳ አልነገሩም። ብልጦች ነን ብለን ነበር።

የተቀጠረው ቀን ደረሰ። ገና ጉሙ ሳይገለጥ ከአያ ፈንቴ ጋር ወደ ጨፌው ወረድን። የመንገዱ መግቢያ ላይ ስንደርስ ሽታው ቀደመን። ያ ትናንት ገበያ ላይ ያገኘኝ ሽታ። መንገዳችን ከጫፍ እስከ ጫፍ ለምለም ቄጤማ ተነስንሶበታል፤ ድንጋዩ አይታይ፣ ጭቃው አይታይ፣ ለንጉሥ የተዘጋጀ አዳራሽ ነው የሚመስለው። መጀመሪያ ደስ አለኝ፣ አልዋሽም። ቀጥሎ ከእግሬ ሥር አንዱን አነሳሁና ርዝመቱን አየሁ። አያ ፈንቴም አዩ። ወደ ዶቅማዋ ሮጥን። የጨፌው መሃል ተላጭቷል። ከዚያ ሁሉ ቄጤማ መካከል አንዲት የደረቀ ሣር ክምር ሜዳ ላይ ቀርታለች፤ ሁለቱ እንቁላል ከሩቅ ያበራሉ። ወፎቹ የሉም። ሁለት ቁራ ከላይ ይዞራል።

እትዬ የሻረግ ማጭዳቸውን ትከሻቸው ላይ አጋድመው፣ ስድስት ሰባት ሴቶች አስከትለው ከወዲያ ማዶ መጡ። ፊታቸው ሁሉ ፈገግታ ነው። «እንግዳ በደረቅ መሬት ይሂድ እንዴ?» አሉ። «ዶሮ ሲጮህ ተነስተን በጨለማው አጨድነው። የዳሩማ ከብት የረገጠው ድንክ ነው፣ ለሰው ፊት አይሆንም። ልብሳችንን ሰብስበን መሃል ገባንና ረጃጅሙን መርጠን አመጣነው። ምነው፣ አላማረም?» ያን ጊዜ የተናገርኩትን ባልናገር በወደድኩ። «ጉድ ሠሩን እኮ እትዬ! እንግዳ ማክበር ነው ይሄ? አገር አጠፉ!» ብዬ ጮህኩባቸው፤ በእናቴ እኩያ፣ በሰው ፊት። ፈገግታቸው ፊታቸው ላይ እንዳለ ደረቀ። ማጭዱን ከትከሻቸው አወረዱና የሚይዙበት እንደጠፋቸው በሁለት እጃቸው አቀፉት። ዛሬም ያቺ ማጭድ ትታየኛለች፤ ዛሬም አፍራለሁ።

«እሷ ምን አጠፋች? ጥፋቱ የኔ ነው» አሉ አያ ፈንቴ ቀስ ብለው። «መሃል ላይ የወፍ ጎጆ አለ፣ የሻረግ። ታቅፈው ነበር። ሳልነግርሽ ቀረሁ።»

እትዬ የሻረግ ባላቸውን አዩ፣ እኔን አዩ። «ባንድ መደብ እያደርን?»

«እንግዲህ... የሴት አፍ ብለን...»

«የሴት አፍማ አንተን ከነጉድህ ሠላሳ ዓመት ሸሽጎ አኑሮሃል» አሉ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። እትዬ የሻረግ ግን አልሳቁም፤ ወደ ዶቅማዋ ጠጋ ብለው ያቺን የተጋለጠች ክምር ብዙ አዩዋት። ሲዞሩ ዓይናቸው ውሃ ሞልቷል። «ታዲያ አራስ ናት በሉኛ» አሉ። «ገና መች ፈለፈለች» አልኳቸው እኔ፣ ያችው አስተማሪ። «እንቁላሉ ከሆዷ ወጥቷል አይደል? አራስ ናት። አራስ ቤት ገብተን መጋረጃዋን ገፈፍንባት። በሉ እናንተ ሴቶች፣ የበተንነውን ልቀሙ!»

አንድ ሰዓት ያህል ነበር የቀረን። ሴቶቹ ከመንገዱ ላይ ረጃጅሙን እየመረጡ በእቅፍ በእቅፍ አሰሩት፤ ቀሚሳቸውን መቀነታቸው ውስጥ ሸጉጠው እስከ ጉልበታቸው ጭቃው ውስጥ ገቡ። አያ ፈንቴ ወንጭፋቸውን ይዘው ቁራዎቹን ከሩቅ ያባርራሉ። እትዬ የሻረግ ሌላውን ሁሉ አስቀርተው ወደ ጎጆው ለብቻቸው ቀረቡ፤ ያውም ፊታቸውን አዙረው፣ የኋሊት፣ አራስ ትኩር ተብሎ አይታይም ብለው። እስሩን አንድ በአንድ ጭቃው ውስጥ እየተከሉ ዙሪያውን አጠሩላት። ወደ ውሃው በኩል አንድ በር ተዉ። የገጠር ሴቶች ተሰብስበው ያለ ቃል ሲሠሩ ያን ዕለት ብቻ ነው ያየሁት። እኔም ገባሁ። ቢጫ ሹራቤን ጭቃ በላው፤ ከዚያ ወዲያ ቢታጠብ ቢታጠብ አልለቀቀም፣ ግን እስኪያልቅ ለበስኩት።

የመኪናው ድምፅ ሲሰማ ገና እግራችንን አልታጠብንም። ኃላፊው ከሁለት ሰዎች ጋር መጡ፤ ኮት የለበሱ፣ ጫማቸው የሚያብረቀርቅ፤ ከሰዎቹ አንዱ የተጠቀለለ ገመድና ችካል ይዟል። መንገዱ ላይ የቀረችው ቄጤማ የፍየል መኖ አታህልም። ይቅርታ የምጠይቅበትን ቃል ስፈልግ እትዬ የሻረግ ቀደሙኝ። እጅ ነሥተው «እንኳን ደህና መጡ ጌታዬ» አሉ። «አራስ ወፍ አለችንና ከዚች ዶቅማ አይታለፍም። እዚህ ያርፉልን፤ እሷ ስትመጣ ያዩዋታል።» ኃላፊው ሳቅ ብለው ተቀመጡ። ዳቦ ተቆረሰ፣ ጠላ ተቀዳ። ጠበቅን።

ወፏ አልመጣችም። ጉሙ ተገለጠ፣ ፀሐይ ወጣ፣ ጋጋኖው ሁሉ ደርሶ ጮኾ ሄደ፣ እሷ የለችም። ኃላፊው ሰዓታቸውን አዩ። ደግመው አዩ። እኔ እንቁላሉን ነበር የማስበው፤ ስንት ሰዓት ሳይታቀፍ ቢቆይ እንደሚበላሽ መጽሐፉ ላይ አልነበረም። ያቺ ወፍ ካልመጣች ያ ገመድ ይዘረጋል፣ ጎጆውም ዝዩም አርጃኖውም ያልቅለታል። ያጠፋሁት ደግሞ እኔ ነኝ፣ መጀመሪያ በመናገር፣ ኋላ ባለመናገር። «መምህርት፣ የታለች?» አሉኝ ኃላፊው፤ ክፋት አልነበረባቸውም። ከጨፌው ማዶ ወዳለው ወንዝ አየሁ። ኮታቸውን አራግፈው ተነሱ። ባለ ገመዱም ተነሳ።

እትዬ የሻረግ ከተቀመጡበት ሳይነሱ «ጌታዬ» አሉ፤ «እናትዎ እርስዎን ያማጡ ለት ደጅ ቆሞ የጠበቀ ሰው አልነበረም? ያ ሰው ሰዓቱን እያየ ሄዶ ቢሆን ምን ይሉት ነበር?»

ኃላፊው ቆመው አዩዋቸው። ምን እንዳሰቡ አላውቅም። ብቻ መልሰው ተቀመጡ፤ የሚያብረቀርቀውን ጫማ እዚያው ጭቃ ላይ ዘረጉት።

ከዚያ ጥሪው ተሰማ፣ ከወንዙ በኩል፣ መለከት መለከት የሚል። ከጨፌው ጫፍ አረፈች። ሁለት እርምጃ ትሄዳለች፣ ቆማ አንገቷን ታዞራለች፣ ደግሞ ትሄዳለች። የተተከለው ቄጤማ ጋ ስትደርስ ረጅም ጊዜ ቆመች። አንዱን ዘለላ በመንቆሯ ሳበች፣ ነቀለችው፣ ወደ ጎን አድርጋ መልሳ አጋደመችው፤ ሰው ያነጠፈላትን እንደምታቃና ባለሙያ ሴት። ከዚያ በተውንላት በር ገባችና እግሮቿን አጥፋ ተቀመጠች። ከቄጤማው በላይ ያቺ ወርቅማ አክሊል ብቻ ቀረች።

«ተቀመጠች?» አሉ ኃላፊው በሹክሹክታ። «ተቀመጠች» አልኩ። እፎይ ማለት ምን እንደሆነ ያን ዕለት አወቅሁ፤ ዶቅማዋን ተደግፌ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። እትዬ የሻረግ አንገቴን ይዘው ደረታቸው ላይ አስጠጉኝ። ይቅርታ ልጠይቃቸው አፌን ስከፍት «ዝም በይ፣ አራስ አጠገብ አይለቀስም» አሉኝ። ይቅር ያሉኝ በዚሁ ነው፤ ሌላ ቃል አልተነጋገርንም።

ገመዱ ሳይፈታ በመጣበት ተመለሰ። ወረቀቱ ኅዳር ላይ ደረሰን፣ ቦዩ ይቅር ተባለ። ለወጣቶቹ ሌላ መሬት እስኪገኝላቸው ሁለት ክረምት ፈጀ፤ በዚያ ሁለት ክረምት ሰላም የማይሉኝ ነበሩ፤ እውነት ነበራቸው፣ አልተቀየምኳቸውም። ጫጩቶቹ መስቀል ሳይደርስ ወጡ። እትዬ የሻረግ ገንፎ አገንፍተው ያንን ዕለት የነበርነውን ሁሉ ጠሩን። እልልታውን ለወንድ ሰባት ለሴት ሦስት ይባል ነበር እነሱ ዘንድ፤ የወፉ ወንድነትና ሴትነት ስላልታወቀ አምስት ብለው አስታረቁት። ዞር ብለውም ለአያ ፈንቴ «እሱስ ሚስቱን ተክቶ ይታቀፋል፤ አንተ ግን አንድ ቀን ልጅ ይዘህልኝ አታውቅ» አሏቸው። አያ ፈንቴ ጎንበስ ብለው ገንፎአቸውን በሉ።

ከጥቂት ዓመት በኋላ ወደ ሌላ አገር ተዛወርኩ። አያ ፈንቴም እትዬ የሻረግም በየተራ ማረፋቸውን ሰማሁ። ጡረታ ወጥቼ ፍኖተ ሰላም ከገባሁ ስንት ጊዜዬ፤ መንገዱ አስፋልት ሆኗል፣ ሚኒባሱ ከምኔው ቡሬ ያደርሳል፣ እኔ ግን አንድም ቀን ወርጄ ያንን ጨፌ አላየሁ። ጉልበቴን አመካኛለሁ። ፍርሃት ነው እንጂ። በየቦታው ረግረጉ ሲደርቅ፣ ባሕር ዛፍ ሲተከልበት አያለሁና፣ ታርሷል የሚለኝን ሰው ላለመስማት ብዬ ጠይቄም አላውቅ። ትናንት ያ ሽታ አፍንጫዬ ውስጥ ሲገባ አፌ ከእኔ ቀድሞ ጠየቀ፤ ድሮም እንዲሁ ነው።

«ከዳሩ ነው ከመሃሉ?»

ሴትዮዋ የማይጠየቅ ነገር እንደጠየቅኋት አየችኝ። «ከዳሩ ነው እንጂ እማማ። የመሃሉማ የአራሷ አይደል? ማን ደፍሮ ይነካዋል» አለች።

«የየቷ አራስ?»

«እኔ እንጃ። እናቴም እንዲሁ ነበር የምትለው» አለችና ያዘለችውን ሕፃን ከፍ አድርጋ አስተካከለች።

ሁለት እስር ወሰድኩ። ዋጋ ሳልከራከር ከፈልኩ። የሚያውቀኝ ሰው ቢያየኝ ታማለች ባለ ነበር።